ከአጥሩ ማዶ የወደቀው

ሶፋ ሠሪው ጠዋት ሲነሣ፣ ፊቱን እንኳ ሳይታጠብ ግቢውን መዞር ልማድ ሆኖበታል። የሚዞረው ለጤናው ብሎ አይደለም፤ የጎረቤቱ ውሻ የት እንደተጸዳዳ ለማየት ነው። አንድ ቀን ደጃፉ ላይ፣ አንድ ቀን ቧንቧው ሥር፣ ሲብስበት ደግሞ ከሥራ ጠረጴዛው አጠገብ ያገኘዋል። እንጀራው ያለው እዚያው ግቢ ውስጥ ነው። በቆርቆሮ ዳሱ ሥር የአሮጌ ሶፋ አንጀት ያወጣል፣ ስፕሪንግ ይቀይራል፣ ስፖንጅ ይቆርጣል፣ ጨርቅ ያለብሳል። ደንበኛ ሲመጣ ታዲያ ጨርቅ መምረጡን ትቶ የሚረግጠውን ይመርጣል።

ውሻው ሻለቃ ይባላል። ቡናማ፣ ደረተ ሰፊ፣ ማዕረጉን የሚያውቅ ይመስል እየተጎማለለ የሚሄድ ነው። በቆርቆሮው አጥር ሥር ሾልኮ ይገባል፣ ጉዳዩን ይፈጽማል፣ በኋላ እግሮቹ አፈሩን ጫር ጫር አድርጎ በመጣበት ይመለሳል። ሶፋ ሠሪው ቀዳዳውን በድንጋይ ቢደፍነው ሻለቃ ከድንጋዩ ጎን ሌላ ማሰ። በርበሬ ቢነሰንስበት ሲያስነጥስ የዋለው ራሱ ሶፋ ሠሪው ነው።

“ውሻ በበላበት ይጮኻል ሲባል ነበር የምንሰማው” ይላል ለሚስቱ። “ይሄኛው እዚያ ይበላል፣ እዚያ ይጮኻል፣ እኔ ጋ ሲመጣ የቀረችውን ይዞ ነው።”

ሚስቱ ትስቃለች። እሱ ግን ነገሩ ሆዱ ገብቷል። መዶሻ ይዞ ጆሮው አጥሩ ላይ ነው፤ ምሳ ቀርቦለት ዓይኑ መስኮቱ ላይ ነው። ቆርቆሮው ኮሽ ባለ ቁጥር ብድግ ይላል። ዱሮም ቢሆን መቀመጥ የማይሆንለት ሰው ነበር፤ ሰው የሚቀመጥበትን እየሠራ እሱ ቆሞ ነው የሚውለው እያሉ ይቀልዱበታል። አሁን ግን ጭራሽ እሳት ላይ የተጣደ ሆነ።

የውሻው ባለቤት አዋላጅ ነርስ ናት፤ ቀጠን ያለች፣ ሁልጊዜ የምትቸኩል፣ ግማሽ ጎናቸው ሽባ ሆኖ አንደበታቸው ከተያዘ አባቷ ጋር ብቻዋን የምትኖር። ለመጀመሪያ ጊዜ ሄዶ ሲነግራት አንገቷን ደፍታ ይቅርታ ጠየቀችውና እንደምታስረው ቃል ገባችለት። አሰረችውም። ሻለቃ ቀኑን ሙሉ ሲያላዝን ዋለ፤ በማግስቱ ግን እንደ ወትሮው ጠረጴዛው ሥር ተገኘ። ዳግመኛ መንገድ ላይ አስቁሞ ሲጠይቃት፣ “ማሰሩ አልሆነልኝም ጋሼ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ” ብላ፣ ምክንያቱን ሳትነግረው ታክሲ ልትይዝ ሮጠች። እሱ ይህን ከንቀት ቆጠረው።

አንድ ጠዋት ለደንበኛ የሚያደርሰውን ሶፋ ሊያለብስ፣ ወይን ጠጅ ከፋይ ጨርቅ ሸራ ላይ ዘርግቶ ልኩን ወሰደ። ጠመኔ ሊያመጣ ቤት ገብቶ ሲመለስ፣ ሻለቃ ጨርቁ መሀል ላይ ሥራውን ጨርሶ በአጥሩ ሥር ሲሾልክ ጭራውን ብቻ አየ። ደግሞ ሆዱን አሞት ኖሯል፤ ደረቅ ቢሆን ምን ነበረበት።

ሶፋ ሠሪው ደሙ ፈላ። አካፋውን አነሣ፣ ከጨርቁ ላይ ዛቀና፣ ዕቃው ወደ ባለቤቱ ይመለስ ብሎ አጥሩን አሻግሮ ወረወረው።

መሬት ላይ ሲወድቅ የሚሰማው ዓይነት ድምፅ አልተሰማም። ለስለስ ያለ ነገር ላይ ያረፈ ይመስል ነበር። የተሰጣ ልብስ ይሆናል፣ ይበላት አለና ወደ ሥራው ዞረ። ጨርቁን አጠበ፣ አሰጣ፣ ሌላ ሥራ አነሣ፣ አስቀመጠ። ያ ድምፅ ከጆሮው አልወጣ አለው። ከአጥሩ ማዶ ሻለቃ ቀጠን ባለ ድምፅ ያለቅሳል። ወዲያ ሄዶ ማየት ሲችል አላየም።

እኩለ ቀን ላይ የጎረቤት በር ሲከፈት ሰማ። አዋላጇ መመለሷ ነበር። ወዲያው ድምፅዋ መጣ።

“አባዬ፣ ምነው? እጅህን ምን ውስጥ ነው የከተትከው?”

የሽማግሌ ድምፅ መለሰላት፤ ቃል የሌለው፣ ከጉሮሮ የሚታገል ድምፅ ነው።

“ከትናንት ጀምሮ በእግሬ ቆሜ ነው ያደርኩት። መድኃኒትህን ገዝቼ እስክመጣ ፀሐይ ላይ ትንሽ ጠብቀኝ ብዬህ ነበር እኮ። ትንሽ አታዝንልኝም?”

ሶፋ ሠሪው መዶሻውን አስቀመጠ። ቀስ ብሎ ወደ አጥሩ ሄደና በምስማር ቀዳዳ አጮለቀ። ሽማግሌው ባለ ጎማ ወንበር ላይ፣ ፀሐይ እንዲሞቁ ይመስላል፣ ብርድ ልብስ ጭናቸው ላይ ተደርጎ ተቀምጠዋል። የወረወረው ብርድ ልብሱ ላይ ነው ያረፈው። በደህናው እጃቸው ሊጠርጉት ሲታገሉ ደረታቸውን፣ አገጫቸውን ሁሉ አዳርሰውታል። እሳቸው ያንኑ እጅ ወደ አጥሩ ይዘረጋሉ፣ ያመለክታሉ፤ ልጃቸው እጁን ይዛ ታወርደዋለች፣ በውሃ ታጥበዋለች። ደግመው ያነሡታል። ደግማ ታወርደዋለች። “በቃ አባዬ፣ በቃ” እያለች፣ ውሃውን እያፈሰሰች ታለቅሳለች።

ቤት ገባ። ሚስቱ ምሳ አቅርባ ብትጠብቀው አልቀመጥ አለ፤ ከበር እስከ መስኮት፣ ከመስኮት እስከ በር ተመላለሰ። ምን ነካህ ስትለው፣ እያፈረ ነገራት። ቁጣ ጠብቆ ነበር፤ እሷ ግን ማንኪያዋን አስቀምጣ አየችው።

“ታዲያ እዚህ ምን ታደርጋለህ?” አለችው።

የጎረቤትን በር ሲያንኳኳ፣ አዋላጇ እጅጌዋ እንደራሰ ከፈተች። ስለ ውሻው ከሆነ ዛሬ አቅም እንደሌላት ነገረችው።

“የአባትሽ አይደለም” አላት። “የውሻው ነው። እኔ ነኝ አጥሩን አሻግሬ የወረወርኩት። ሰው መኖሩን አላየሁም፤ ለማየትም አልሞከርኩም።”

መጀመሪያ ነገሩ አልገባትም። ሲገባት ፊቷ ተለወጠ። ትጮኽብኛለች፣ ትሰድበኛለች ብሎ ራሱን አዘጋጅቶ ነበር። እሷ ግን ጀርባዋን ሰጥታው ወደ አባቷ ሄደች፣ ወንበሩ ሥር በርከክ አለች፣ ያን እጅ ሳመችው።

“ስትነግረኝ ነበር ለካ” አለች። “አባዬ፣ ስትነግረኝ ነበር።”

ሶፋ ሠሪው ባርኔጣውን እየጠቀለለ ቆመ። ሂድም ግባም ያለው የለም። ኋላ እሷ ቀና ብላ፣ የተወረወረው በእኔ ላይ አይደለምና ይቅርታውን ለሳቸው ይንገሩ አለችው። ቀረብ ብሎ፣ ጎንበስ ብሎ፣ “አባባ፣ በደልኩዎት፤ ይቅር ይበሉኝ” አለ። ሽማግሌው በአንድ ዓይናቸው ትኩር ብለው አዩት። የአፋቸው አንድ ወገን ተንቀሳቀሰ። ሳቅ ይሁን ቁጣ ማንም ሊለየው አልቻለም።

ውሻውን ማሰር ያልሆነላትን ምክንያት የነገረችው ያኔ ነው። አባቷን ትጠብቅ የነበረችው ሴት ሥራዋን ትታ ሄዳለች። ሻለቃ ሲታሰርና ሲያላዝን ሽማግሌው ሊፈቱት ከወንበር ይነሣሉ፤ አንዴም ወድቀው ግንባራቸው ተፈንክቷል። እሷ ሥራ ላይ ስትሆን አጠገባቸው የሚውለው ያው ውሻ ብቻ ነው። ይህን ለሰው መናገር አፍራ ኖራለች።

ሶፋ ሠሪው አፉ ቀደመውና፣ እሷ ሥራ በምትገባበት ቀን አባባ ከእሱ ዳስ ሥር ቢውሉ ምን ይመስላታል ሲል ጠየቃት። እሷ የአባቷን ወንበር ወደ ቤት ገፋች። ከሰነበተ በኋላ ግን አንድ ጠዋት ወንበሩን እየገፋች መጣች። የሚጠጡትን፣ የሚውጡትን ክኒን፣ የሚገላበጡበትን ሰዓት ነግራው፣ ዓይን ዓይኑን ሳታየው ሄደች።

ሻለቃ አሁን በዋናው በር ይገባል። የሚያደርገውንም ያደርጋል፤ ሶፋ ሠሪው ከግቢው ጥግ ጉድጓድ ቆፍሮ እዚያ ይቀብርለታል። ይህ አላስቸገረውም። ያስቸገረው የሽማግሌው ዓይን ነው። ስፕሪንግ ሲያስር፣ ምስማር ሲመታ፣ ጀርባው ላይ ይሰማዋል። ደጋግሞ ዘወር ይላል። ደጋግሞ ውሃ ይፈልጉ እንደሆነ ይጠይቃል። ማታ ሚስቱን፣ ሰውዬው ይቅር ብለውኝ ይሆን ሲላት፣ ጠይቃቸው ትለዋለች።

“አይናገሩም እኮ።”

“እንግዲያው ቁጭ ብለህ ጠብቃ።”

ቁጭ ብሎ መጠበቅ እንደማይሆንለት እሷም ታውቃለች። በማግስቱ ጠረጴዛውን ከግድግዳው ጎትቶ አወጣና ወደ ሽማግሌው አዞረው፤ ፊት ለፊታቸው ቆሞ ስፖንጁን መቁረጥ ጀመረ።