የእናቴ ቦታ ላይ የተቀመጠችው

ፍስሐ የሚባለው ሠዓሊ መጀመሪያ መርካቶ፣ በርበሬ በረንዳ ሲመጣ የግብር ሰው መስሎን ነበር። ታብሌት ይዟል፣ ያያል፣ ይነካካል፣ ደግሞ ያያል። ቅመም የሚሸጡት ሴቶች ዕቃቸውን ግማሽ በግማሽ ወደ ጆንያ መለሱ። እኔ ግን ጫማውን አይቼ ነቃሁበት። የግብር ሰው ቀለም የፈሰሰበት ሸራ ጫማ አድርጎ ሥራ አይወጣም።

«ምን ጠፍቶብህ ነው?» አልኩት።

«ፊት እየፈለግኩ ነው።»

«ብትፈልግ ይሻልሃል፣ ይሄኛው አልተሳካም።»

እማዬ ኩባያዋን እንደያዘች «አንቺ ምላሳም» አለችኝና ሳቋን መቆጣጠር አቃታት። ፍስሐ ስትስቅ አያትና እዚያው ደርቆ ቀረ። እሷን የመረጣት እንዲህ ነው።

እናቴ ሸዋርካብሽ ትባላለች። ከጋሼ ኸይረዲን የበርበሬ መጋዘን በር አጠገብ፣ ከምሰሶው ሥር ተቀምጣ ጥቁር አዝሙድና ኮረሪማ በኩባያ እየሰፈረች ትሸጣለች። እኔ ስድስተኛ ክፍል ላይ ከትምህርት ጋር ተሰነባብቼ መጋዘኑ ውስጥ በርበሬ እቀነጥሳለሁ። ከእማዬ ጎን ነጭ ሽንኩርትና ዝንጅብል የምትሸጠው እትዬ ሐዋ ናት። ጎረቤትነታቸው ከእኔ ዕድሜ ይበልጣል።

ፍስሐ ሥራውን ሊያስረዳን ሞከረ። «ሥዕል ነው፣ ግን ግድግዳ ላይ አይሰቀልም። በስልክ ስታዩ ብቻ ቦታው ላይ ይታያችኋል። ስልኩን ስታወርዱት የለም።»

«የሌለ ነገር ነው በለኛ» አለች እትዬ ሐዋ።

«አለ እንጂ። ግን በስልክ ብቻ ነው።»

«ባሌም እንደዛ ነው» አለች እትዬ ሐዋ።

እማዬን ዙሪያዋን እየዞረ ፎቶ አነሳት። ስትሰፍርም በቪዲዮ ቀረጻት። ከጥቂት ቀናት በኋላ ተመልሶ መጣና ምሰሶው ላይ መዳፍ የምታክል፣ በጥቁርና ነጭ የተዥጎረጎረች ሰሌዳ ለጠፈ። ስልኩ ሰሌዳዋን ሲያይ ሥዕሉን ያወጣል አለ። የአስቸኳይ ጊዜ አዋጁ ሰሞን ስለነበር የሞባይል ኢንተርኔት ተዘግቷል፤ ለየስልካችን በብሉቱዝ ላከልን። እማዬ ሽንት ቤት ሄዳ ነበር፣ ጆንያዋ ባዶ ነው። ስልኬን ወደ ምሰሶው አዞርኩ።

እማዬ ጆንያዋ ላይ ተቀምጣለች። ኩባያውን ትሞላለች፣ አፉን በመዳፏ ጠረግ ታደርጋለች፣ ቀና ብላ ፈገግ ትላለች። ከዚያ እንደገና ከመጀመሪያው። ስልኬን አወረድኩ፤ ጆንያ ብቻ። አነሳሁት፤ እማዬ።

«ይቺኛዋ ስለማትጨቃጨቅ ነው ደስ የምትለው» አለች አንዷ ደንበኛ፣ ሁሉም ሳቀ። እውነተኛዋ እማዬ ስትመለስ አሳየኋት። አልሳቀችም። አተኩራ አየቻትና ወደ ፍስሐ ዞረች።

«ለምንድን ነው ይቺ የምታየኝ?»

«ሁሉንም ሰው እንደዚያ ነው የምታየው፣ እትዬ። አሠራሩ ነው።»

«እሺ» አለች እማዬ። ያመነች ግን አልመሰለኝም።

ክረምቱ ሲገባ እማዬ በሳል ወደቀች። ሳንባዋ ነው ተባለ። ሆስፒታል ተኛች፣ ወጣች፣ ተመለሰች፤ በመጨረሻ አክስቴ ጸበል ትጠመቅ ብላ ከከተማ ይዛት ወጣች። ቦታዋ ላይ ጆንያዋን አንጥፌ ድንጋይ ጫንኩበት።

በእኛ በረንዳ ቦታ የሚጠበቀው እንዲህ ነው። የቦታው ባለቤት ስትቀር ጆንያዋ ይነጠፋል። ሌላ ሰው መጥቶ «የዚህ ባለቤት አለች?» ብሎ ይጠይቃል። ጎረቤት «አለች» ካለ ጠያቂው መንገዱን ይቀጥላል። ጎረቤት ዝም ካለ ቦታው ተለቋል ማለት ነው። እኔ ልቀመጥበት ደግሞ አልችልም። በሕይወት ባለ ሰው ቦታ ልጁ ከተቀመጠ ሟርት ነው፣ እናቷን ገደለቻት ነው የሚባለው። ስለዚህ ከመጋዘኑ ደጃፍ ሆኜ ጆንያውን ማየት ብቻ ነበር ሥራዬ። ቦታው ከሄደ እማዬ ድና ብትመጣም የምትገባበት የለም። መርካቶ ውስጥ እንደዚያ ያለ ምሰሶ ሁለተኛ አይገኝም።

ቃሉ የሚታመነው የጋሼ ኸይረዲን ነው፣ ምሰሶው የእሱ መጋዘን ምሰሶ ስለሆነ። ችግሩ ጋሼ ኸይረዲን አይዋሽም። ሚዛኑን ደንበኛ ፊት ባዶውን ሳያሳይ የማይመዝን ሰውዬ ነው። እማዬ ሆስፒታል ሳለች «አለች፣ እዚሁ ከተማ ናት» ይል ነበር። ከከተማ ስትወጣ ጠራኝ።

«ልጄ፣ ከእንግዲህ ቢጠይቁኝ ምን እላለሁ? የለችም እኮ።»

«አለች ይበሉና ይገላገሉ፣ ጋሼ። ማን ሄዶ ያጣራል?»

«አላህ።»

ወደ በርበሬዬ ተመለስኩ። እኔን መልስ ማሳጣት ደግሞ ቀላል አይደለም።

ቦታውን የምትጠይቀው ሀምዲያ ነበረች፤ ልጅ አዝላ ከገጠር የመጣች፣ ቀጭን። በየጠዋቱ ትመጣለች፣ ሰላምታዋን ጨርሳ፣ ዓይኗን መሬት ላይ ጥላ «የቦታው ባለቤት አሉ?» ትላለች። ክፉ ብትሆን ይሻለኝ ነበር፤ መሳደብ እችልበታለሁ።

በማግስቱ ጠዋት ሀምዲያ ጠይቃ ጋሼ ኸይረዲን አፉን ሊከፍት ሲል ስልኬን አምጥቼ ፊቱ ያዝኩለት።

«እስቲ በዚህ ይዩ፣ ጋሼ።»

መነጽሩን አደረገ። እማዬ ኩባያዋን ሞላች፣ በመዳፏ ጠረገች፣ ቀና ብላ አየችው። ጋሼ ኸይረዲን ቆይቶ ቆይቶ ስልኩን መለሰልኝ።

«አለች» አላት ለሀምዲያ። «ተቀምጣለች። በዓይኔ እያየሁ የለችም ብል እሱም ውሸት ነው።»

ሀምዲያ አመስግና ሄደች። ያን ቀን ከእኔ ወዲያ ብልጥ በመርካቶ የለም ብዬ ስዘፍን ዋልኩ።

ከዚያ ወዲህ ጋሼ ኸይረዲን መጋዘኑን ከመክፈቱ በፊት «ስልክሽን» ይለኛል፣ ያያል፣ «አለች» ይላል፣ ቁልፉን ያወጣል። እትዬ ሐዋም ለመደች። መጀመሪያ በስልኳ እያየች ነበር «ሸዋዬ እንዴት አደርሽ» የምትላት። በኋላ ስልኩን ተወችው። ነጭ ሽንኩርቷን እየላጠች ስለ ልጆቿ፣ ስለ እግሯ ሕመም ለባዶው ጆንያ ታወራለች፤ አንዳንዴ መልስ እንደሰማ ሰው «ኧረ ተይኝ» ብላ ትስቃለች። እኔም እስቅ ነበር።

ሳቄ የቆመው ሥዕሏን ሳል የያዛት ቀን ነው። በስልክ እያየኋት ኩባያውን ሞላች፣ ጠረገች፣ ከዚያ ቀና በማለት ፈንታ የነጠላዋን ጫፍ አፏ ላይ አድርጋ ትከሻዋ ተንቀጠቀጠ። ድምፅ የለውም። ስትጨርስ ነጠላዋን አየት አድርጋ አጠፈችው። ለፍስሐ ደወልኩለት። መጥቶ በስልኬ አያትና ጣቱን ከንፈሩ ላይ አድርጎ ቀረ።

«እኔ ይሄን አልሠራሁም። ስትስል አልቀረጽኳትም። ያኔ እኮ ጤነኛ ነበረች።»

«ስልኬ ስላረጀ ይሆን?»

«ስልክ ስላረጀ ሰው አያስልም» አለ።

በዚያው ሰሞን አክስቴ ደወለች። እማዬ በጣም ተሽሏታል፣ ሳሉ ድንገት ጥሏት ጠፋ አለች። እልል በይ አለችኝ። እኔ ያሰብኩት ግን በስልኬ ስትስል ያየኋትን ነው።

ከዚያ ዓይኔን ከጆንያው መንቀል አቃተኝ። በርበሬ በረንዳ የዋለ ሰው የሚያውቀው ነገር አለ፤ ከወፍጮው የሚወጣው ብናኝ የማያርፍበት ነገር የለም። ቅንድቤ እንኳ ከሰዓት በኋላ ቀይ ነው። የእማዬም ጆንያ ዳርና ዳሩ ቀልቷል። መሀሉ ግን አንድ ሰው የሚቀመጥበትን ያህል ንጹሕ ነው። ድንጋዩን አንስቼ አየሁ፤ ድንጋዩ ራሱ ከተቀመጠበት ወደ ጠርዙ ተገፍቷል። ኩሊዎችም አሉ። አንገታቸው ድረስ ተጭነው፣ መሬት መሬት እያዩ፣ «መንገድ፣ መንገድ» እያሉ ነው የሚያልፉት፤ የተነጠፈ ጆንያ ረግጠው ቢሄዱ ማንም አይፈርድባቸውም። አንዱ ኩሊ ጆንያው ጋ ሲደርስ ከነሸክሙ ወደ ጎን ተጠማዘዘና «ይቅርታ፣ እናቴ» ብሎ አለፈ። ስልክ አልያዘም፤ ሁለቱም እጆቹ ገመዱ ላይ ነበሩ።

እማዬ የመጣችው እኩለ ቀን ላይ፣ ገበያው ጢም ብሎ ሳለ ነው። ከስታለች፣ ፊቷ ግን ጠርቷል። በአንድ እጇ የጸበል ጄሪካን፣ በሌላው የዕቃ ፌስታሏን ይዛለች። ሮጬ አቀፍኳትና ድንጋዩን ከጆንያው ላይ አነሳሁላት።

«ተቀመጪ፣ እማዬ። ቦታሽን አላስነካሁም።»

ምሰሶው ጋ ቀጥ ብላ ቆመች።

«ሰው አለበት» አለች።

«የምን ሰው?»

«እኔ እንጃ። ሰው ተቀምጧል። አንቺ አይታይሽም?»

በዚህ መሀል አንዲት የጥንት ደንበኛችን ከእማዬ ጀርባ መጥታ እትዬ ሐዋን «ሸዋርካብሽ የለችም ዛሬ?» አለቻት።

እትዬ ሐዋ ከነጭ ሽንኩርቷ ቀና ሳትል «አለች» አለችና በአገጯ ወደ ጆንያው አመለከተች።

«ሐዋ» አለች እማዬ፣ ከአጠገቧ ቆማ። «እኔ ነኝ።»

እትዬ ሐዋ አየቻት። ወደ ጆንያው ዞረች። ደግሞ እማዬን አየቻት።

«ውይ ሸዋዬ፣ መቼ ተነሳሽ?» አለች።

ጋሼ ኸይረዲን ከመጋዘኑ ወጣ። እማዬን እንኳን ለዚህ አበቃሽ ብሎ ረጅም ሰላምታ ሰጣት፣ ከዚያ መነጽሩን አውልቆ በጋቢው ጫፍ ሲወለውል ቆየ።

«ክረምቱን ሙሉ አለች ስል ነው የከረምኩት» አላት። «አየሁ ብዬ። አሁን አንቺ ገና መጣሁ ካልሽ፣ የነበረችው ማን ናት?»

«እኔ አላውቅም፣ ጋሼ ኸይረዲን። እኔ ጸበል ነበርኩ።»

«ለተቀመጠ ሰው ተነሺ ማለት ደግሞ አልችልም።»

«ኧረ ጋሼ፣ ሥዕል እኮ ናት» አልኩ። «ሥዕል ይነሳል።»

ለፍስሐ ደወልኩለት። ሀብተ ጊዮርጊስ ድልድይ ላይ ታክሲው መንገድ ተዘግቶበት በእግሩ እየሮጠ ደረሰ። ሰሌዳዋን በቢላ ፍቆ ከምሰሶው ላይ አነሳት። ከእኔ ስልክ አጠፋ፣ ከእትዬ ሐዋ አጠፋ፣ ከራሱ ታብሌት አጠፋ። ስልኬን ወደ ጆንያው አዞርኩ። ጆንያ ብቻ ነው።

«በቃ፣ የለችም» አልኩ። «ጋሼ፣ ይኸው ይዩ።»

ጋሼ ኸይረዲን ስልኩን አየ። ከዚያ ስልኩን ወደ ጎን ገፋ አድርጎ በባዶ ዓይኑ ጆንያውን አየ። ጋቢውን ሰብስቦ፣ ሰው እንዳይረግጥ እንደሚጠነቀቅ ሰው ዳር ዳሩን ዞሮ ወደ መጋዘኑ ገባ።

ፍስሐም ጋሼ ዳር ዳሩን ሲዞር አይቶት ነበር። «እኔ የሠራሁትን አጥፍቻለሁ» አለኝ ቀስ ብሎ፣ ታብሌቱን ደረቱ ላይ አጥብቆ። «ይቺ የእኔ አይደለችም።» ዞር ብሎ ሳያይ ሄደ።

ንዴት ያዘኝ። ስፈራ እናደዳለሁ። ጆንያው ፊት ቆሜ ወገቤን ያዝኩ። «እሺ አንቺ፣ የቦታው ባለቤት መጥታለች። ተነሺና ወደመጣሽበት ሂጂ።»

እማዬ እጄን መታችኝ።

«በእናትሽ ዕድሜ ያለች ሴት እንደዚህ አትባልም። ማን ነው ያሳደገሽ?»

«አንቺ ነሽ። ቦታሽን ልትወስድብሽ ነው እኮ፣ እማዬ።»

«ዝናቡን፣ ብናኙን የቻለችው እሷ ናት። እኔ አልነበርኩም።»

ጄሪካኑን መሬት አስቀመጠች። ነጠላዋን አስተካከለች፣ ትንሽ ጎንበስ አለችና፣ አዲስ ገበያተኛ የቆየችዋን በምትለምንበት ድምፅ፣ «እህቴ፣ እባክሽ ትንሽ ጠጋ ብትዪልኝ» አለች።

ጠበቀች። እኔ ምንም አላየሁም። ጆንያው ላይ ግን አንድ እጥፋት ቀስ ብሎ ተቃና።

«እግዜር ይስጥልኝ» አለች እማዬ። ቀሚሷን ሰብስባ የጆንያው ጠርዝ ላይ ተቀመጠች፤ ግማሽ ጎኗ ሲሚንቶው ላይ ነው። ፌስታሏን ፈታ ጥቁር አዝሙዱንና ኮረሪማውን ከፊቷ ደረደረች፣ ጠበብ አድርጋ፣ ከጆንያው ግማሽ ሳታልፍ።

«አንቺ ወደ በርበሬሽ ግቢ» አለችኝ። «እኔ ብቻዬን አይደለሁም።»

አልሄድኩም። ቆማ ስታይ የነበረችው ያቺ የጥንት ደንበኛችን እማዬ ፊት ቁጢጥ ብላ ኮረሪማ እንድትሰፍርላት ጠየቀቻት። እማዬ ኩባያዋን አነሳች። ከዚያ መልሳ አስቀመጠችው። እዚህ በረንዳ ላይ ቀድማ የተቀመጠች ቀድማ ነው የምትሸጠው፤ ዘግይታ የመጣች ተራዋን ትጠብቃለች። እማዬ እጇን ጭኗ ላይ አድርጋ ፊቷን ወደ ባዶው የጆንያ ግማሽ አዞረችና ጠበቀች። ደንበኛዋም ፌስታሏን ከፍታ ወደዚያው ዘረጋች።