የታቀበ ቃል

ቃል፥ አስተዋይ አንባቢ ሆይ፥ ከተወለደበት አገር ተሰዶ በባዕድ ልሳን ሲያድር የአባቶቹን ግብርና ጠባይ በሆዱ ሰውሮ ይጓዛልና፥ ምሥጢሩን የሚሻ ሊቅ ሥሩን ሳይመረምር ፍቺውን አይወስንም።

በጎጃም ምድር በአንዲት ደብር የነበሩ አለቃ ዐምደ ብርሃን፥ በትምህርታቸው ምጡቅ፥ በአንደበታቸው ስሉጥ የሆኑ ሊቅ፥ በእርጅናቸው ዘመን የእንግሊዝኛን ግሥ በአማርኛ የሚፈታ መዝገበ ቃላት ያዘጋጁ ነበር። ስሕተት ሰምተው ዝም ያሉበት ጊዜ አልነበረምና ካህኑም ምእመኑም እያከበረ ይፈራቸው፥ እየፈራም ያከብራቸው ነበር። አንድ ቀን «ሪፍሬይን» ከተባለው ግሥ ደርሰው «መተው» ብለው ሊያልፉት ሲሉ፥ በከተማው ትምህርት ቤት እንግሊዝኛ የምታስተምረው ልጃቸው ወለላ አስቆመቻቸው።

«የለም አባባ፤ መተው አይደለም። ሥሩ የላቲን ነው፤ ልጓም ከሚለው ቃል ወጥቶ፥ በፈረንሳይ በኩል አልፎ ነው እንግሊዝ የገባው። የተወ ሰው ፈረሱን ለቆታል፤ የሚታቀብ ግን ፈረሱ ልሂድ እያለ ሲታገለው ልጓሙን ይዞ ይቆማል።»

«ፈረሱ ካልታገለማ ልጓም ምን ያደርጋል!» ብለው አለቃ በደስታ ሳቁ፤ «መታቀብ» ብለውም ጻፉ።

በማግሥቱ የደብሩ ክብረ በዓል ነበር። ከአለቃ ጋር በአንድ ጎጆ ቆሎ ተካፍለው የተማሩት፥ የደብሩ የቅኔ መምህር የኔታ ፈንታ፥ መወድስ እየተቀኙ ከመካከሉ ሲደርሱ ቃሉ ጠፋባቸው፤ ያለፈውንም ቤት እንደ አዲስ ደገሙት። የመምህርነት ወንበራቸውን የሚመኙ ብዙዎች ነበሩና ሊቃውንቱ ሁሉ እርማቱን ሽተው ወደ አለቃ ዘወር አሉ። የአለቃ አንዲት ቃል የኔታን በሕዝብ ፊት ልታዋርድ ትችል ነበር። ያቺም ቃል ከምላሳቸው ጫፍ ደርሳ ነበር፤ ነገር ግን የወዳጃቸውን ፊት አዩና መቋሚያቸውን ጨብጠው፥ ከንፈራቸውን ነክሰው፥ ላባቸው በግንባራቸው እየወረደ ዝም አሉ፤ እርሳቸው ያላረሙትንም ሌላው ሊያርም አልደፈረም።

ሥርዓቱ እንዳበቃ የኔታ ከዐጸዱ ጥላ ሥር ወሰዷቸው።

«ሳትሁ አይደል?»

«ሳትህ።»

«ታዲያ አንተ ሰው፥ ይህን ዝምታ ከየት አመጣኸው?»

«ቅኔውን የሚያርመው ሞልቷል፤ አንተን የሚተካልኝ ግን የለም።»

የኔታ በነጠላቸው ጫፍ ዐይናቸውን አበሱ። «መርሳት ከጀመርሁ ሰንብቻለሁ፤ ፈርቼ ሸሸግሁት። እንግዲህስ ከሌላ ከሚሰሙት እኔው ልንገራቸው» አሉ።

ጉባኤው ሳይበተን ተመልሰው ድካማቸውን በገዛ አንደበታቸው ገለጡ፤ ወንበሩንም ራሳቸው ለመረጡት ደቀ መዝሙር አስረከቡ። የሚሳለቅ አልተገኘም፤ ወንበሩን የተመኙት እንኳ ተነሥተው ጉልበታቸውን ሳሙ። አለቃም ወዳጃቸውን ክንዳቸውን ደግፈው፥ በዝግታ እየተጨዋወቱ እስከ ቤታቸው አደረሷቸው። ፍቅር የገታው ቃል፥ እውነትን ባለቤቷ መጥቶ እስኪናገራት ድረስ በክብር ያቆያታል።