ጌ የተጻፈበት ዋንዛ

ጉታ አናጢ ነበር። ያውም ጉለሌ ውስጥ "የጉታ ሥራ ነው" ከተባለ ማንም የማይከራከርበት አናጢ። ግማሹ ሰፈር የሚተኛው እሱ በሠራው አልጋ ላይ ነው። እሱና ሚስቱ ጌጤ ግን ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ የተኙት ሲጋቡ በገዙት የብረት አልጋ ላይ ነበር፤ ሰው ሲገላበጥ ጎረቤት የሚቀሰቅስ፣ ሲጢጥ ሲጢጥ የሚል አልጋ። ጎረቤቶች "የአናጢ ቤት ወንበሩ ሦስት እግር ነው" እያሉ ሲያሾፉባት ጌጤ አብራ ትስቅ ነበር። ከሳቁ በኋላ ግን በሆዷ ትቆጭ ነበር።

አልጋው እንኳ ይቅር። ዋናው ነገር የሰውየው አፍ ነው። ጉታ ክፉ ቢሆን ኖሮ ተጣልታው ይወጣላት ነበር፤ ደግ መሆኑ ነው የሚያበሽቀው! ያገኘውን አምጥቶ እጇ ላይ ያስቀምጣል። ስትታመም ከራስጌዋ አይነሳም። ቃል ግን የለም። በሃያ ሁለት ዓመት ውስጥ አንድ ቀን እንኳ "ጌጤ" ብሎ ጠርቷት አያውቅም። "አንቺ" ይላታል፣ "ስሚ" ይላታል፣ ሰው ፊት ሲሆን ደግሞ "ቤት ያለችው"። ከእንጨት ጋር ሲሆን ግን አፉ ይፈታል። ያልተላገ ጣውላ በመዳፉ እየዳበሰ "ጎሽ የኔ ቆንጆ፣ ምን የመሰለ መልክ ደብቀሻል" ሲል ጌጤ በጆሮዋ ሰምታለች። ሴት ልጅ በጣውላ ቀናች ቢባል ማን ያምናል? ጌጤ ግን ቀንታ ነበር።

የዛሬ ሁለት ዓመት፣ ጥቅምት ላይ፣ ጉታ ስምንት የዋንዛ ጣውላ በአይሱዙ አስጭኖ መጣ። ገና ከመጋዝ የወጣ ነው፤ የመጋዙ ጥርስ ምልክት ገላው ላይ ይታያል፣ ጠርዙ ላይ ልጡ እንዳለ ነው፣ ሲያነሱት እርጥበቱ ይከብዳል። ግቢው ጥግ ጡብ ደርድሮ፣ የጣውላውን አንድ ጫፍ ወደ ግድግዳው አዙሮ አንዱን በአንዱ ላይ ከመረው። ነፋስ እንዲያልፍ በየመሀሉ ቀጫጭን እንጨት አስገባ፣ ከላይ ቆርቆሮ ጫነበት።

"ለማን ነው?" አለችው።

"ሁለት ክረምት ይለፍበት። እንዳይነካ።"

"ለማን ነው አልኩህ እኮ!"

"መጀመሪያ እንጨቱ ይድረቅ" አለና ገብቶ እጁን ታጠበ።

በየካቲት ደም ግፊቱ ተነስቶ ሥራ ላይ እንዳለ ጣለው። በሦስተኛው ቀን አረፈ።

ለቅሶ ላይ ነው ያየችው። ድንኳኑ ሞልቶ ወንበር ጎድሎ፣ ጌጤን ግቢው ውስጥ ከጣውላው ክምር ፊት ለፊት አስቀመጧት። ቀና ስትል የጣውላዎቹ ጫፍ ከዓይኗ ትይዩ ሆነ። በእያንዳንዱ ጫፍ ላይ በቀይ ቀለም አንድ ፊደል ተጽፏል፦ ጌ። ከላይ እስከ ታች ቆጠረችው። ስምንት ጣውላ፣ ስምንት ጌ። ጮኸች። ለቀስተኛው ሐዘኑ እንደ አዲስ የተነሳባት መስሎት ደግፎ ያዛት።

ሰንበት ብላ ለአስቻለች አሳየቻት። አስቻለች አጥር የምትጋራት፣ አንድ ቤተ ክርስቲያን አብራት የምታመልክ ጎረቤቷ ናት።

"ጌታ ማለት ይሆናል" አለች አስቻለች፣ መነጽሯን አስተካክላ። "የጌታ ነው ለማለት።"

"ጉታ ለጌታ ጣውላ ሲገዛ አይቼው አላውቅም!"

አስቻለች ሳቋን መያዝ አቃታት። "በይ እንግዲያው የአንቺው ነው። አልጋሽ ነዋ! እሰይ፣ በስተመጨረሻም ቢሆን!"

ከዚያ ቀን ጀምሮ ጌጤ ጠዋት ጠዋት ውኃ ልትቀዳ ስትወጣ በክምሩ በኩል ታልፋለች። የመጀመሪያውን ጌ በመዳፏ ትነካና ትሄዳለች። ሁለት ሰው "ሽጪልን" ብሎ መጥቶ አባራለች። ማታ በዚያ ሲጢጥታ ላይ ስትገላበጥ፣ ጉታ ብሩሹን ይዞ ጎንበስ ብሎ ስሟን ሲጽፍ ይታያታል። በአፉ ያላለውን በእጁ አለው፣ በቃ! ሁለት ክረምት ያቆማት ይኸው ነበር።

ሁለተኛው ክረምት ወጣ። ጌጤ ከጉታ ጋር አሥራ አምስት ዓመት የሠራውን ሌሊሳን አስጠራችው። ሌሊሳ ከክምሩ ፊት ቁጢጥ ብሎ ጫፍ ጫፉን በጣቱ መረመረ። ፊቱን አጨማደደ።

"እትዬ ጌጤ፣ ጫፉ ተሰነጣጥቋል። ከላይ ሁለተኛው ደግሞ እስከ ወገቡ ሄዷል፤ እሱ ለአልጋ አይሆንም፣ በምትኩ አንድ መግዛት ነው። የሌሎቹን ስንዝር ስንዝር ቆርጠን እንጥላለን።"

"ጫፉ አይቆረጥም።"

"ስንጥቅ እኮ እንደ ሐሜት ነው፤ ካልቆረጡት ይሄዳል።"

"ስሜ ነው ያለበት፣ ሌሊሳ! እሱ የጻፈው ስሜ ነው!"

ሌሊሳ ከተሰነጠቀው ጣውላ ላይ የተላቀቀችውን ቁራጭ በእጁ ገንጥሎ ሰጣት። "እሺ፣ መጀመሪያ የጎደለውን ይግዙ። ይህን ያሳዩዋቸው፣ መልኩ የሚገጥም ይሰጡዎታል። ጋሼ ጉታ የሚገዙት ከኑሪ ነበር።" ቁራጯ ላይ ጌ ነበረባት። ጌጤ በነጠላዋ ጠቅልላ ይዛት ሄደች።

ኑሪ ከጳውሎስ ሆስፒታል ዝቅ ብሎ እንጨት የሚሸጥ፣ ጢሙን ሂና የሚቀባ የስልጤ ሰው ነው። ቁራጯን ተቀበላት፣ አሸተታት፣ በጥፍሩ ጫር አደረጋት።

"ዋንዛ። ከኔ ነው የተገዛው።"

"በምን አወቁ?"

"ጌ ይላላ።"

"እሱ ስሜ ነው" አለች ጌጤ፣ ትንሽ ኮራ ብላ። "ጌጤ እባላለሁ።"

ኑሪ ሳቀ። ክፋት የለበትም፣ እንዲሁ ሳቀ። "አይ የኔ እህት! ጌ ማለት ጌራ ነው። ከጅማ ጌራ የመጣው ጌ ይጻፍበታል፣ ከሊሙ የመጣው ሊ። እንዳይደባለቅብን እዚያው ሲጭኑ ነው የሚጽፉበት። ነይ እስቲ።"

ወደ መጋዘኑ ወሰዳት። ሠላሳ ይሁን አርባ ጣውላ ግድግዳውን ተደግፎ ቆሟል። ጌ፣ ጌ፣ ጌ፣ ጌ። በዚያው ቀይ ቀለም፣ በዚያው እጅ ጽሑፍ።

ጌጤ መሬት ተከፍታ ብትውጣት በወደደች። መጀመሪያ አፈረች፤ ሁለት ክረምት ሙሉ የጫኝ ጽሑፍ ስትዳብስ! ከዚያ ተናደደች፣ በሞተ ሰው። ከንዴቱ በኋላ የመጣው ግን የባሰ ነበር። ጉታ ናፈቃት። በቀብሩ ቀን እንኳ እንዲህ አልናፈቃትም። ያን ዕለት የሞተው ሰውየው ብቻ ነበር፤ ዛሬ ቃሉም ሞተ። ኑሪ ፊቷን አይቶ በርጩማ ጎትቶ ሰጣት።

"ምነው? የማን ቤት ነሽ?"

"የጉታ።"

"የጉታ! ያ ሰውዬ የት ጠፋ? እሱ እኮ—"

"ሞቷል።"

"ኢና ሊላሂ ወኢና ኢለይሂ ራጂዑን" አለ ኑሪ፣ ፊቱ ጠቁሮ።

"እባክዎ ጋሼ ኑሪ" አለች ጌጤ። "ይህን ጣውላ ሲገዛ ለማን እንደሆነ ነግሮዎት ነበር?"

ኑሪ አሰበ። ሊዋሽላት ይችል ነበር፤ ፊቱ ላይ አይታለች፣ ሊዋሽላት ፈልጎ ነበር። "አልነገረኝም የኔ እህት። ያን ቀን ከጠዋት እስከ ዙሁር ሶላት ስልሳ ጣውላ ገለባብጧል። አንድ ዓይኑን ጨፍኖ በጠርዙ ያያል፣ በጣቱ አንጓ ያንኳኳል፣ ጫፉን በምላሱ ሳይቀር ይቀምሳል። ሊ ያለበትን አልፈልግም አለና ስምንት ጌ መርጦ ሄደ። ስለ እንጨት ብዙ አወራኝ። ስለ ሰው ግን ምንም አልወጣውም።"

"አውቀዋለሁ" አለች ጌጤ።

ኑሪ ራሱ መርጦ አንድ ጣውላ አስጫነላት። እሷ አላየችውም፤ ጌም ይበል ሊም ይበል ግድ አልነበራትም። ጋቢና ተቀምጣ ሽቅብ ስትመለስ ሹፌሩ እንዳያያት ፊቷን በነጠላ ሸፈነች። ምን ነበር አንድ ቀን፣ አንድ ቀን ብቻ፣ "ጌጤ" ቢላት? ቤት አልጠየቀችው፣ ወርቅ አልጠየቀችው። ሁለት ፊደል!

ግቢ ስትደርስ ሌሊሳ መጋዙንና መላጊያውን አሰናድቶ ይጠብቃታል።

"ቁረጠው" አለችው። "ሁሉንም ቁረጠው። ጌራ ማለት ነው አሉኝ፤ የጅማ ጌራ። እኔ ነኝ ሞኟ።"

ሌሊሳ ቆርቆሮውን አወረደ፤ የላይኛውን ጣውላ ከግድግዳው ስቦ አወጣና በሁለት በርጩማ ላይ አጋደመው። ወደ ወዲያኛው ጫፍ ሄደ፣ ቆመ። ሁለተኛውን ሳበ። ሦስተኛውን ሳበ። ከዚያ ከክምሩ ኋላ ጎንበስ ብሎ አንድ የቀለም ጣሳ አነሳ።

"እትዬ ጌጤ፣ እስቲ ይምጡ።"

"ተወኝ ሌሊሳ።"

"ይምጡ አልኩ!"

ሌሊሳ ጮኾባት ስለማያውቅ ደንግጣ መጣች። ግድግዳው በኩል የነበረው የጣውላዎቹ ጫፍ ሁሉ አረንጓዴ ቀለም ተለቅልቋል፤ ጥቅጥቅ ያለ፣ የራሳቸው የግቢ በር ቀለም። በዚያ በኩል አንድም ስንጥቅ የለም።

"እርጥብ እንጨት ቶሎ የሚደርቀው በጫፉ ነው፤ ለዚህ ነው የሚሰነጠቀው" አለ ሌሊሳ። "ስለዚህ ከመከመራችን በፊት ሁለቱንም ጫፍ ቀለም እንቀባዋለን። ጋሼ ጉታ ይህን ሳያደርጉ አያድሩም። እኔ አንዴ አንድ ጫፍ ረስቼ ሦስት ቀን አኩርፈውኛል።"

"እና ረስቶት ነዋ።"

"ስምንቱንም? በአንድ ወገን ብቻ?"

"ቀለም አልቆበት ይሆናል።"

ሌሊሳ ጣሳውን ዘቀዘቀላት። ግማሽ ድረስ ሞልቶ ደርቋል። "ጌ ያለበትን ወገን ነው ያልቀቡት። ቢቀቡት ፊደሉ ይሸፈናል። እንደሚሰነጠቅ እያወቁ ተዉት፣ እትዬ ጌጤ። ጫኝ ይጻፈው፣ ማን ይጻፈው፣ እኔ እንጃ። ግን ጌራን ለማየት ብሎ ዋንዛ የሚያስሰነጥቅ አናጢ የለም።"

ጌጤ አረንጓዴውን ጫፍ አየች፣ ዞራ ቀዩን አየች። እንደገና አረንጓዴውን አየች። ከዚያ መሬት ላይ ዝርፍጥ ብላ ተቀመጠችና ግቢው እስኪናጋ ጮኸች።

"አንተ ሰውዬ! አፍህ የት ነበር? ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ አፍህ የት ነበር?"

አስቻለች በአጥሩ ላይ ብቅ አለች። ሊጥ የነካ እጇን እንደዘረጋች "ምን ሆነች? ሌሊሳ፣ ምን ሆነችብኝ?" አለች።

ሌሊሳ መጋዙን መሬት አስቀመጠ።

"ጋሼ ጉታ በስማቸው ጠሯቸው" አለ።