የኡም ሳይል እርሾ

ካፕሱሉ ቀለላት። ሩደይና ከፍሪጁ በር ካለው ጠርሙስ ያወጣችውን ፍሬ ወደ መስኮቱ አስጠግታ በብርሃን አየችው፤ ባዶ ነው። ሌላ አወጣች፤ እሱም ባዶ። ሦስተኛው ነጭ ዱቄቱን እንደያዘ ነው። የሆነ ሰው ካፕሱሎቿን እየከፈተ፣ ዱቄቱን እየገለበጠ፣ ቅርፊቱን መልሶ እየገጠመ ጠርሙሱ ውስጥ ሲከት ከርሟል ማለት ነው። በቤቱ ደግሞ ከእሷና ከባሏ እናት ከኡም ሳይል በቀር ሰው የለም።

ባሏ ሳይል ከአቃባ ወደብ ጭነት የሚያመላልስ ሾፌር ነው፤ ከረክ ከተማ ወዳለው ቤታቸው የሚገባው ሐሙስ ሐሙስ ነው። የቀረውን ሳምንት ሁለቱ ሴቶች በአንድ ወጥ ቤት ይጋፋሉ። ኡም ሳይል ክፉ ሴት ናቸው አይባልም። ግን ለልጃቸው ያሰቡት የእኅታቸውን ልጅ ነበር፤ እሱ ደግሞ የማደባዋን ሩደይናን ይዞ ከች አለ። ይህን ሩደይና አልረሳችም። ኡም ሳይል ይርሱት አይርሱት ጠይቋቸው የሚያውቅ የለም።

መድኃኒቱ ወደዚህ ቤት የገባው በመከራ ነው። የመጀመሪያው ፅንስ በአምስተኛው ወሩ ወረደባት። ሁለተኛውን ስትይዝ ኢንፌክሽን አግኝቷት አንቲባዮቲክ ዋጠች፤ ሆዷ ተበላሸ፣ የበላችው አልረጋ አላት። ዶክተር ሁዛማ ያኔ ነው እነዚህን የጠቃሚ ባክቴሪያ ካፕሱሎች ያዘዘችላት።

"ሆድሽን ሊያረጋጋልሽ ይችላል" አለቻት። "ሕፃኑም አንጀቱ ውስጥ የሚሰፍሩትን የመጀመሪያ እንግዶች በአብዛኛው ከእናቱ ነው የሚቀበለው። ተአምር ይሠራል ብዬ አልዋሽሽም፣ ገና እየተጠና ነው። ብቻ ፍሪጅ ውስጥ አስቀምጪው፤ ሕይወት ያለው ነገር ነው።"

ኡም ሳይል ይህን ሲሰሙ ሳቃቸው ከቤት አልፎ አጥር ዘለለ።

"ሰማሽ ኡም ጋሌብ!" ብለው ለጎረቤታቸው ጮኹ። "ሐኪሞቹ ጀርም በጠርሙስ መሸጥ ጀመሩልሽ! እኛ በነጻ ስንልሰው የኖርነውን!"

ሩደይና ደሟ ፈላ። አማቷን እንደ አገሩ ልማድ አክስቴ ነው የምትላቸው። "አክስቴ፣ እዚህ ውስጥ ያለውና በእርስዎ እርሾ ውስጥ ያለው አንድ ዘር ነው። ልዩነቱ ይሄኛው ንጹሕ መሆኑ ነው።"

ኡም ሳይል ሳቃቸውን ዋጡ። እንዲህ ያለ ነገር በእርሿቸው ላይ ተነግሮ አያውቅም። እናታቸው ሲድሯቸው በትንሽ የሸክላ ማሰሮ ያሸከሟቸው የእርጎ እርሾ ነው፤ ከትናንቱ እርጎ በማንኪያ እየተቀነሰ የዛሬው ወተት ላይ እየተጨመረ፣ አንድም ቀን ሳይቋረጥ ልጅ ያሳደገ። የጎረቤት እርጎ በተበላሸ ቁጥር ሳህን ይዞ የሚመጣው ወደ እሳቸው ነው። ቤት ውስጥ ነፍሰ ጡር ካለች ግን እርሾ ከደጃፍ አይወጣም፤ የፅንሱን በረከት ይዞ ይሄዳል ይባላል። ሩደይና ካረገዘች ወዲህ ኡም ጋሌብ እንኳ ባዶ ሳህኗን ታቅፋ ተመልሳለች።

ሩደይና ቁጭ ብላ ወደ ኋላ ስታስበው፣ ነገሩ የተበላሸው ፍሪጁን ካጸዳችበት ቀን ጀምሮ ነው። የእርግዝናው ማቅለሽለሽ ሲብስባት የፍሪጁን ሽታ መቋቋም አቅቷት ማሰሮ፣ ብልቃጥ፣ ሳህን ሳትል ሁሉንም አውጥታ በበረኪና ፈትጋ አጠበችው። ኡም ሳይል ከገበያ ሲመለሱ በሩን ከፍተው ቆዩ።

"ማን ነው ያጸዳው?"

"እኔ ነኝ አክስቴ።"

የፍሪጁን በር ቀስ ብለው መለሱት። ከዚያ "እጅሽ ይባረክ" አሉ፤ ፊታቸው ግን ሌላ ነገር ነበር የሚናገረው። ከዚያ ወዲያ ወጥ ቤቱን ዘግተው መሥራት ጀመሩ። እርጎውም ተለወጠ፤ አንድ ቀን ይቀጥናል፣ ሌላ ቀን ውኃውን ለይቶ ያድራል፣ ሽታውም የድሮው አይደለም። እሳቸው ግን ጠዋት ጠዋት ሳህን ሙሉ እያቀረቡ "ጨርሺው፣ ለልጁ ነው" ይላሉ፤ ቆመውም ያዩዋታል። አማት ቆማ የምታበላውን እርጎ ማን በሰላም ይውጣል? ያልጠረጠረ ተመነጠረ ብላ፣ ዞር ሲሉላት በመስኮት አጥር ላይ ለምትውለው ድመት ትገለብጠዋለች።

አሁን ደግሞ ባዶ ካፕሱል። ሩደይና ለሳይል ደወለች።

"እናትህ የሆነ ነገር እያደረጉብኝ ነው።"

"ምን ዓይነት ነገር?"

"መድኃኒቴን እየደፉ እርጎው ውስጥ ሌላ ነገር ይጨምሩብኛል።"

የመኪናው ሞተር ሲጠፋ በስልኩ ተሰማ። "እናቴ?" አለ።

"አዎ፣ እናትህ! ሐሙስ ስትመጣ ማደባ፣ እናቴ ቤት ትወስደኛለህ። ይሄንንም ልጅ እዚህ ቤት አላጣውም።"

ሐሙስ እስኪደርስ ከዳቦና ከፍራፍሬ በቀር ምንም አልቀመሰችም። ልብሷን ሻንጣ ውስጥ ከትታ መኝታ ቤቱ በር ሥር አስቀመጠችው። ሐሙስ ዕለት የከሰዓቱ ፀጥታ ሲወርድ የተኛች አስመሰለች፤ ወዲያው የወጥ ቤቱ በር ሲዘጋ ሰማች። ጫማዋን ሳታደርግ ሄዳ በሩን በርግዳ ገባች።

ኡም ሳይል ለብ ያለ ወተት የያዘ ድስት ላይ ጎንበስ ብለዋል። በጣቶቻቸው መካከል የተከፈተ ካፕሱል አለ።

"ምንድን ነው የሚጨምሩብኝ?"

ካፕሱሉ ከእጃቸው ወደቀ። "ቀስ ልጄ፣ ቀስ በይ፣ በሆድሽ ሰው አለ..."

"እሱ እንዲኖር ይፈልጋሉ? ምን ሲያበሉኝ ነው የከረሙት?"

"እሱኑ ነዋ! የራስሽን መድኃኒት! ወተት ላይ ጨምሬ ላረጋው ስታገል ነው የከረምኩት። አንቺው አይደለሽ ከእርሾዬ ጋር አንድ ዘር ነው ያልሽኝ?"

"እርሾ ያለው ሰው የእኔ ካፕሱል ምን ይሠራለታል?"

ኡም ሳይል ወንበር ስበው ተቀመጡ። "እርሾው የለም" አሉ። "ሞቷል። ፍሪጁን ያጸዳሽ ዕለት።"

ሩደይና ማሰሮዋ ታየቻት። ትንሽ፣ አፏ የተሸረፈ፣ ከሥሯ ወደ ቢጫ ያደላ አንድ ማንኪያ እርጎ የቀረባት። የተበላሸ መስሏት ነበር። በረኪናውን አስቀድማ የደፋችው እሷ ላይ ነበር።

"ለምን አልጮኹብኝም?" አለች፤ ድምፅዋ ወረደ።

"ልጮህ አፌን ከፍቼ ነበር። ከዚያ ሆድሽን አየሁት። የቤት እርሾ በነፍሰ ጡር እጅ ከሞተ ፅንሱም አይቆይም እንደሚባል አንቺም ታውቂያለሽ። አንዱን አጥተሽ የሁለተኛውን ወር እየቆጠርሽ ላለሽው ላንቺ፣ በገዛ እጅሽ ገደልሽው ልበልሽ? ኡም ጋሌብ ጋ እንዳልበደር፣ እሷ ከሰማች ሰፈሩ ሰማ፤ ሰፈሩ ከሰማ አንቺ ጆሮ ይገባል። ዝም ብዬ ሌላ እርሾ ላስነሣ አልኩ። አንዷ ፍሬ እምቢ ስትለኝ ሌላ እከፍታለሁ።"

"ባዶዎቹንስ ለምን መለሷቸው?"

"እንዳታውቂብኝ ነዋ። በፍሬ የጎደለባትን በሳህን አገባላታለሁ ብዬ።"

ይሄኔ ድመቷ በመስኮት ዘላ ገባች። ጠጉሯ ያብረቀርቃል፣ ወገቧ ደልቧል። በቀጥታ ወደ ሩደይና ሄዳ እንደለመደችው እግሯ ሥር ቁጭ አለችና ሽቅብ እያየች ጮኸች። ኡም ሳይል ድመቷን አዩ፤ ሩደይናን አዩ።

"ለእሷ ነው ለካ ሳረጋ የከረምኩት" አሉ። "እኔም እላለሁ፣ ይቺ ሌባ ምን በልታ እንዲህ አማረባት!"

ሩደይና መሬት ተከፍታ ብትውጣት ደስ ባላት። "ይቅር ይበሉኝ አክስቴ።"

"ተይው። እኔስ ሌባ ሆኜ አይደል የከረምኩት?" ተነሥተው ከቁም ሣጥኑ ውስጥ በብርድ ልብስ የተጠቀለለ ድስት አወጡ። የትናንቱ ነው። ማንኪያ ሲሰኩበት ማንኪያው ቀጥ ብሎ ቆመ። "እይው! ዛሬ ረጋ! ዛሬ እንደ እናቴ እርጎ ረጋ!" ብለው እንደ ልጅ አጨበጨቡ።

የጭነት መኪናው ጥሩምባ ከደጅ ተሰማ። ሩደይና ሻንጣው ጋ ልትቀድመው ተነሣች፤ ግን ሰውነቷ ከበዳት፣ ሳይል ደግሞ ቸኩሎ ነበር። በመኝታ ቤቱ በር በኩል አልፎ ወጥ ቤት ሲገባ በግራ እጁ ሻንጣዋን አንጠልጥሏል። እንደ ወትሮው የእናቱን እጅ አልሳመም።

ኡም ሳይል ሻንጣውን ልብ አላሉትም፤ ደስታቸው ጋርዷቸዋል። ሳህን ሞልተው ዘረጉለት። "ና፣ ና፣ ከመንገድ ነህ! ቅመሰው፣ አዲስ እርሾ ነው!"

ሳይል ሳህኑን አየ። ሚስቱን አየ። "መንገድ ላይ በልቻለሁ" አለ።

"አንተ? ከመቼ ወዲህ ነው አንተ የእኔን እርጎ የምትመልሰው?" አሉ እየሳቁ። እሱ አልሳቀም። የእሳቸውም ሳቅ ቀስ እያለ ቆመ፤ ያኔ ነው ሻንጣውን ያዩት።

ሩደይና ሳህኑን ከእጃቸው ተቀበለች። ቆማ በትልቁ ዛቀች፣ ዋጠች፣ ደግማ ዛቀች። "ግሩም ነው! እየው፣ እየበላሁ ነው። ሳይል፣ ተሳስቼ ነው። ብላ እንጂ፣ ብላ!" እያለች ማንኪያውን ወደ አፉ አስጠጋች።

ኡም ሳይል ግን እሷንም ሳህኑንም አያዩም። የሚያዩት የልጃቸውን ቀኝ እጅ ነው። ሳህኑን ለመቀበልም ሆነ የእሳቸውን እጅ ይዞ ለመሳም ከኪሱ አልወጣም።