በእፍኝ ሽምብራ የተሸጠው ልጅ

ታየች ሦስት ልጅ ቀብራ አራተኛውን የሻውን በወለደች ዕለት፣ እትብቱ ሳይደርቅ ለጎረቤቷ ለትርንጎ ሸጠችው። ዋጋው እፍኝ ሽምብራ ነበር። ምን ታድርግ? ሞት የሷን ደጅ ለምዶት ነበር፤ ልጁ የሰው ነው ከተባለ ተሳስቶ ያልፈዋል ብለው ትልልቅ ሰዎች መከሯት። የሻው የጠባው ከታየች፣ የሚተኛውም እሷ ጉያ ነው፤ አፉን ሲፈታ ግን «እማማ» ያለው ትርንጎን ነው። የወለደችውን በስሟ «ታየች» እያለ ይጠራታል። እሷም ስድስት ዓመት ሙሉ አንድ ቀን «ልጄ» ብላው አታውቅም። መንገድ ላይ «ሸጋ ልጅ አለሽ!» ሲሏት «የጎረቤት ነው» ብላ ታልፋለች። እናንተ ሳቁ እንጂ፣ ልጁስ አደገላት!

ጣሊያን ጎንደር በገባ በሦስተኛው ዓመት፣ ሱዳን ገዳሪፍ ወርዶ ልብስ ሰፊ የሆነው ባሏ ክንዱ መልእክት ላከላት። «ቤት ተከራይቻለሁ፤ ክረምቱ የመተማን መንገድ ሳይዘጋው ልጁን ይዘሽ ነይ» ይላል። የታየች ልብ በዚያው ቀን ተሻገረ። እግሯ ግን እንደ ድሮው አህያ ነድቶ መሻገር አይችልም፤ የጣሊያን የይለፍ ወረቀት ያስፈልጋል። የዓመቱ የመጨረሻ ማኪና የሚነሣው ሐሙስ ነው፤ እሷ ልጁን ይዛ አራዳ ወዳለው ቢሮ የሄደችው ማክሰኞ ነው። ትርንጎም «ልሸኝሽ» ብላ አብራት ሄደች። ምነው በቀረች!

ጣሊያኑ ሹም ከጠረጴዛው ኋላ ተቀምጦ ላቡን ይጠርጋል። አጠገቡ የቆመው አስተርጓሚው በላቸው፣ ሕጉን ራሱ ያወጣው ይመስል ጉሮሮውን ጠራርጎ ጀመረ።

«ልጅ የሚሻገረው ስሙ በወላጁ ወረቀት ላይ ሲጻፍ ብቻ ነው። የሰው ልጅ ይዞ መሻገር ክልክል ነው። ይኸ ልጅ የማነው?»

«የጎረቤት ነው» አለች ታየች።

ከአፍ ከወጣ አፋፍ! ስድስት ዓመት የለመደ አፍ ምን ይደረጋል? በላቸው ተረጎመው፤ ሹሙም ብዕሩን አስቀመጠ።

«ኧረ ውሸቷን ነው! የወለደችው እሷ ናት» ብላ ትርንጎ ዘላ ገባች። «እኔ የገዛሁት ነኝ እንጂ!»

በላቸው ይኸንንም እንዳለ ተረጎመው። አይ በላቸው! የሹሙ ፊት በርበሬ መሰለ፤ ሰው መሸጥ መለወጥ ተከልክሏል እያለ ጠረጴዛውን ይደበድብ ጀመር።

«በስንት ገዛሽው ይላል» አለ በላቸው።

«በእፍኝ ሽምብራ።»

ወረፋ የያዘው ሰው ሁሉ በሳቅ ፈነዳ። በላቸውም የአገሩ ልጅ ነውና ያን ጊዜ ነገሩ ገባው፤ እያላበው ልማዱን ለሹሙ አስረዳ። ሹሙ ግን በዚህ የሚረታ አልሆነም። «እንግዲያው ልጁ ይናገር» አለ።

«እናትህ ማናት?» ሲል በላቸው ጠየቀው።

የሻው ታየችን አየ፤ ትርንጎን አየ። ከዚያ ጣቱን ወደ ትርንጎ ቀሰረና «እማማ ናት» አለ።

«በቃ፣ ወረቀቱ ላንቺ ብቻ ይጻፋል፤ ልጁ ይቀራል» አለ በላቸው። ቀጥሎ ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ወይም በገዛ አፍሽ ልጄ ነው በይ። ምነው እህቴ፣ አንዲት ቃል ናት!»

አንዲት ቃል! ለሱ ቀላል ነው፤ ሦስት ልጅ የቀበረው እሱ አይደለም። ታየች የልጁን እጅ ያዘች። ቃሉን ካወጣችው ያ ስድስት ዓመት የሸሸችው ሞት ይሰማታል፤ ካላወጣችው ልጁ ጎንደር ይቀራል፣ አባቱም አያየውም። ትርንጎ ጎኗን ጎሸም አደረገቻት።

«በይ እንጂ! ሽምብራዬን ትቼልሻለሁ» አለች እንባዋ እየመጣ። «እኔ እስካሁን ጠብቄልሻለሁ፤ ከእንግዲህ አንቺ ጠብቂው።»

ታየች ማተቧን ጨብጣ «ልጄ ነው» አለች። ድምፅ አልወጣትም።

«ምን አለች?» አለ ሹሙ።

«ልጄ ነው! እኔ ነኝ የወለድኩት! የሰማ ይስማ!»

ደጅ የቆመች አንዲት ሴት፣ ነገሩ ሳይገባት፣ እልልታዋን አቀለጠችው። ሹሙም አንድ ጆሮውን ይዞ የልጁን ስም ጻፈ፤ ማኅተሙንም አሳረፈበት።

ታየች ልጁን ይዛ ወጥታ ደረጃው ላይ ተቀመጠች። ግንባሩን ትዳስሳለች፣ እጁን ትስማለች፤ እየሳቀች ታለቅሳለች። «አንተ እኮ የኔ ልጅ ነህ» አለችው። «ትርንጎ አይደለችም። እኔ ነኝ እናትህ፣ ሳልነግርህ…»

የሻው ግራና ቀኙን ቃኘና አፉን ጆሮዋ ላይ ለጠፈ።

«ከድሮም አውቃለሁ» አላት በሹክሹክታ። «ሞት እንዳይሰማን ብዬ ነው እንጂ።»