ወደ ኋላ እምቢ ያለው ተሳቢ

ኑ፣ ጠጋ በሉና ቁጭ በሉ። ወንበር ያጣህ እዚያ የውሃ በርሜሉ ላይ ተቀመጥ፣ ይችልሃል። የሌስተርንና የልጁን የሮዊናን ነገር ልንገራችሁ፤ ያን ዛፍ አልባ ሜዳ ሲያቋርጡ የሆነውን።

ሮዊና አባቷን በምሥራቅ በኩል ካለው ከብሮክን ሂል ቤቱ አስነሥታ፣ በምዕራብ ዳርቻ ፍሪማንትል ወዳለው ቤቷ እየወሰደችው ነበር። እየወሰደችው አልኩ እንጂ መሪው በእሱ እጅ ነው። ሌስተር ዕድሜውን ሙሉ ባለ ሦስት ተሳቢ የጭነት መኪና የነዳ ሰው ነውና "እኔ ካልነዳሁ ንቅንቅ አልልም" ብሎ ነው የተነሣው። እሷም መሪውን ለቀቀችለት፤ አፏን ግን አልያዘችም።

"አባዬ፣ ቀስ በል። አባዬ፣ ካንጋሩ ይወጣል። አባዬ፣ መድኃኒትህን ዋጥክ?"

ከኋላቸው ድንኳን የሚዘረጋበት አጭር ተሳቢ አስረዋል፤ እናትየው በሕይወት ሳለች ሦስቱም ለዕረፍት የሚወጡበት ነው። በዚያ መንገድ ደግሞ ፊት ለፊት የሚመጣ መኪና ሲያጋጥምህ አንድ ጣትህን ከመሪው ላይ ብድግ ታደርጋለህ። ሰላምታ ነው። ሌስተር ለመጣው ሁሉ ብድግ ሲያደርግ ሮዊና መታገሥ አቃታት።

"አባዬ፣ እባክህ ሁለቱንም እጅህን መሪው ላይ አድርግ!"

ከዚያ በኋላ ጣቱን አላነሣም። አፉንም አልከፈተም። ሮዊና በመስኮት እያየች ጥርሷን ነከሰች። ለእሱ ብላ ሥራዋን ትታ መምጣቷን፣ ዕቃውን ብቻዋን ማሰሯን እያሰበች ውስጧ ተቃጠለ። አንዴ እንኳ አመሰግናለሁ አይልም!

አንድ ነዳጅ ማደያ ሲደርሱ የመኪናውን አፍንጫ ለአጥሩ ሰጥቶ አቆመ። እሷ ገብታ በሊጥ የተሸፈነ የሥጋ ፓይ ገዝታ ስትወጣ፣ ሌስተር ስልኩን በእጁ ይዞ መኪናው አጠገብ ቆሟል።

"ዶሪን ናት የደወለችው" አላት። ዶሪን ጎረቤቱ ናት። "ሰዎች መጥተው የመኝታ ቤቴን መስኮት እየለኩ ነው አለችኝ። ለመጋረጃ።"

ሮዊና ፓዩን የአጥሩ ቋሚ ላይ አስቀመጠች።

"ለብርዱ ወራት ብቻ፣ ካልተስማማህ ትመለሳለህ ነበር ያልሽኝ። የት ነው የምመለሰው? መጋረጃው ላይ ልንጠለጠል?"

"አባዬ፣ ቤት ባዶውን ከተቀመጠ ይበላሻል። ተከራይ ቢገባበት ብዬ ነው። ልነግርህ ነበር።"

"መቼ?"

"ስትረጋጋ።"

"ይኸው ተረጋግቻለሁ!" ብሎ ጮኸ። "ወደ ቤቴ ልመለስ ነው። ካልፈለግሽ ቅሪ፣ አውቶቡስ ያልፋል።"

ገባና የኋላ ማርሽ አስገባ። አጭር ተሳቢ ግን ክፉ ነው። መሪውን ትንሽ ነካ ካደረግህ ይታጠፍና ከመኪናው ጋር ሊጋጭ ይመጣል፤ በስፖኪዮ ልየው ብትል አይታይም፣ ሲታይ ደግሞ ረፍዷል። ሌስተር ወደ ኋላ አለ፣ ታጠፈበት። ወደ ፊት ተመለሰ። እንደገና ሞከረ፤ በዚያኛው በኩል ታጠፈበት።

እዚህ አገር ተሳቢ ወደ ኋላ የሚመልስ ሰው ከተገኘ ሌላ ቴአትር አያስፈልግም። ማደያው ጓሮ ያረፉት ጡረተኞች ተጣጣፊ ወንበራቸውን ይዘው ወጡ።

"ግራ! ግራ፣ ወዳጄ!"

"የማን ግራ?" አለ ሌስተር በመስኮት።

"ቀስ በል ጎረምሳው፣ ለእራት ትደርሳለህ!" አለ ቀይ ኮፍያ ያደረገ ሽማግሌ።

"እኔ ሦስት ተሳቢ ስነዳ የኖርኩ ሰው ነኝ!"

"እንግዲያ ሁለት ጨምርበትና ሞክረው!"

ሁሉም ሳቁ። ሌስተር ወደ ልጁ ዞረ። "ምን ይገትርሻል? በእጅሽ አሳዪኝ እንጂ! እናትሽ እኮ ከኋላ ቆማ ትመራኝ ነበር!"

ሮዊና እጇን አጣምራ ቆመች። "ለመመለስ ከሆነ አልመራህም።"

ሌስተር በንዴት ነዳጁን ረገጠ። ተሳቢው ተወርውሮ ከቆሻሻ በርሜሉ ጋር ተላተመና የኋላ መብራቱ ተሰበረ። አሁን የሳቀ የለም። ሌስተር ሞተሩን አጥፍቶ ግንባሩን መሪው ላይ ደፋ። ሮዊና በመስታወቱ አየችው።

ለካ ሰውየው ወደ ቤቱ ለመመለስ እንኳ የእሷ እጅ ያስፈልገዋል። እሷ ደግሞ እጇን አጣምራ ቆማለች።

ወደ ጥግ ሄዳ ቤቱን ለሚያከራዩላት ሰዎች ደወለች። "ቁልፉን ለማንም እንዳትሰጡ። … አዎ፣ ተስማምቼ ነበር። … ተከራዮቹ ይቆጡ። ቤቱ የአባቴ ነው፣ እሱን አልጠየቅሁትም።"

ስትመለስ የተሳቢውን መንጠቆ መፍታት ጀመረች። ሌስተር ወረደ። "ምን እያደረግሽ ነው?"

"በእጅ እናዙረው። ግፋ።"

ገፉ። ቀይ ኮፍያውም ወንበሩን ትቶ መጣና አብሮ ገፋ። ከመኪናው የተፈታ ተሳቢ እንደ ሕፃን ጋሪ ነው፣ ወደፈለጉት ይዞራል። መሐል ሜዳው ላይ ሲደርሱ ሮዊና ቆመች።

"አባዬ፣ ወዴት እናዙረው?"

"ትቀልጂያለሽ?"

"እየጠየቅሁህ ነው። ተከራዮቹን አስቀርቻቸዋለሁ። ወደ ምሥራቅ ካልክ አብሬህ እመለሳለሁ፣ ከኋላም ቆሜ እመራሃለሁ።"

ሌስተር ወደ አጥሩ ሄደ። የቀዘቀዘውን ፓይ ከቋሚው ላይ አንሥቶ ገመጠ። አኘከ። ወደ ምሥራቅ አየ፣ ወደ ምዕራብ አየ።

"እኔስ ወንበሬን ወዴት ላዙር?" አለ ቀይ ኮፍያው።

ሌስተር አልሳቀም። "ቤትሽ ስንደርስ ይሄን ነገር ወደ ኋላ ማስገባት አለ?"

"የለም። ፊት ለፊት ነው የሚገባው።"

"እንግዲያ ወደ ምዕራብ። የብርዱን ወራት ብቻ! ሲሞቅ እመለሳለሁ፣ መስኮቴንም ማንም እንዳይለካብኝ።"

"እሺ።"

"ደግሞ ስነዳ …"

"እሺ አባዬ፣ ዝም እላለሁ።"

መኪናውን አዙረው፣ ተሳቢውን አስረው ወጡ። ብዙም ሳይሄዱ አንድ ከብት የጫነ መኪና ከፊታቸው መጣ። ሌስተር ጣቱን ከመሪው ላይ ብድግ አደረገ። ሮዊና አፏን ከፈተች … መልሳ ገጠመችው። ገና ሩቅ መንገድ ነበረባቸው፤ ምን ያህል ጊዜ እንደከፈተችና እንደገጠመችው እሷ ናት የምታውቀው።

እናንተም በዚያ መንገድ ስታልፉ አንድ ሽማግሌ ጣቱን ካነሣላችሁ፣ ልጆቼ፣ እናንተም አንሡለት። ከጎኑ አፏን ይዛ የተቀመጠችውንም አስታውሱልኝ፣ አደራ።