የላባው ዝንብና የወያላው መሐላ

ሰው ከተሸከመው ሸክም ሁሉ ይልቅ በገዛ አንደበቱ ሐሰት እንደሚጎብጥ፣ አስተዋይና ልባም አንባቢ ሆይ፣ ማንም ሳይነግርህ ታውቀዋለህ። ምንተስኖት የተባለው ብርቱና ዕረፍት የለሽ ወጣት ስምንት ዓመት ሙሉ በአንዲት አቧራማ ከተማ መናኸሪያ የሚኒባስ በር ላይ ተንጠልጥሎ፣ ባዶውን መኪና «ሞላ! አንድ ሰው ብቻ!» እያለ የሚጣራ ወያላ ነበር፤ ነገር ግን አንዲት እናት ያንን ጥሪ አምና፣ የታመመ ሕፃኗን ታቅፋ መኪናው እስኪሞላ ስትጠብቅ የልጇ ነፍስ በእቅፏ ስለ ወጣች፣ ዳግመኛ ነፍስ ያለውን ፍጡር ላያታልል ምሎ ወደ ባሌ ተራሮች ወጣ።

በዚያም በወይብ ወንዝ ዳር ጋሽ ቃሲምን አገኘ። እኒህ አረጋዊ አርባ ዓመት ሙሉ እንግዶችን እየመሩ ትራውት የተባለውን ዓሣ ሲያስይዙ የኖሩ፣ አሁን ግን ዐይናቸው ስለ ፈዘዘ የአውራ ዶሮ ላባ በመንጠቆ ላይ አስረው፣ ዓሣው እውነተኛ መስሎት የሚውጠውን ዝንብ ማስመሰል የተሳናቸው ነበሩና፣ የማጥመጃ ዘንጋቸውንና ሥራቸውን የሚረከብ ሰው ይሹ ነበር። ምንተስኖትም እንጀራው በዚያ ዘንግ ላይ እንደ ተንጠለጠለ እያወቀ፣ የላባውን ዝንብ በመዳፉ ይዞ ባየ ጊዜ፣ ያ የመናኸሪያ ጥሪ ክንፍ አውጥቶ የተከተለው መሰለውና ወደ አረጋዊው መልሶ ዘረጋው።

«ጋሼ፣ ይኼ እኮ ውሸት ነው። እኔ ደግሞ ምያለሁ።»

«ወላሂ፣ ወያላ ለዓሣ ሲያዝን ዛሬ አየሁ!» ብለው ሳቁ አረጋዊው። «አንዴ ወርውርና ከዚያ እንቢ በል። እኛ እንደሆን የያዝነውን መልሰን እንለቃለን።»

ወረወረ። ፀሐይም ከራስ በላይ በሆነች ጊዜ ክሩ ተወጠረ፤ ውሃውም ተናወጠ። ጋሽ ቃሲም ከተቀመጡበት ድንጋይ ሆነው፣ «ስንት ይሆናል? ክንድ ይሞላል?» ሲሉ በጉጉት ጠየቁ። እነሆ፣ «ሞልቷል!» የምትለው አሮጌ ቃል ከጉሮሮው ደርሳ ነበር፤ እርሱ ግን ዋጣት።

«ስንዝር አይሞላም፣ ጋሼ።»

አረጋዊው ወደ ዳር የተሳበውን ዓሣ በጣታቸው ዳሰሱት። «ካንተ በፊት ሦስት ጎረምሶች መጥተው ሦስቱም ክንድ አሉኝ፤ ብዳስሰው ስንዝር። ወንዙ ባዶ ሲሆን ለእንግዳው ባዶ ነው የሚል ሰው ነው ያጣሁት። በል ልቀቀው፤ ዘንጉን ያዝ።»

ምንተስኖት፣ ያ ሕፃን እንዲህ ወደ እናቱ እንደማይመለስ እያሰበ፣ ዓሣውን ወደ ውሃው መለሰ፤ ዘንጉን ግን አልመለሰም። የሰው እጅ ላባን ዝንብ ማስመሰል ቢማር እንኳ፣ ምላሱ ስንዝሩን ስንዝር ብላ እስከ ጠራች ድረስ፣ ያ ሰው ፈጽሞ አልጠፋም።